ዝሆኔ

ወገል ጤና ክሊኒክ፣ ከእንጨት ወንበር ላይ፣
ነርሷ ስሜን ጠርታ፣ ካርዴን ገልጣ ስታይ፣
"ፈንታዬ ሙሄ" አለች፣ "ዝሆኔ" ብላ ጻፈች፤
ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ ቀጣዩ አለፈች።
"የኔ ዝሆን" አልኩኝ በሆዴ እየሣቅሁ፣
እግሬን ከሳፋው ውኃ ቀስ ብዬ እየዘፈቅሁ።
ላም የለኝ፣ በግ የለኝ፣ በቅሎም አልታደልሁ፣
ከእንስሳ ሁሉ መርጬ ዝሆን አሳደግሁ።

ለመሆኑ ዝሆን እዚህ ማን ያውቀዋል?
ደላንታ ሜዳው ላይ ምስር ይታጨዳል፣
ጎረምሳው ገደሉን ለኦፓል ይምሳል፣
ዝሆን ግን በተረት፣ በሽለላ፣ በቅኔ፣
ወይ በድሃ እግር ላይ፣ እንዲህ እንደ እኔ።

ቢሆንም መጥቶ ያውቃል።

ጦይባ አይታዋለች፣ የቅድመ አያቴ እናት፣
የሦስት ወር ሙሽራ፣ ገና ሳይለቃት
የእጇ ላይ እንሶስላ።
ፈረንጅ መድፉን ጭኖ በዋድላ ሲመጣ፣
በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ሊወጣ፣
አንድ ጧት በድንገት ውሻው ሁሉ ዝም አለ፣
ቤት የሚያህል ግራጫ ከጉም ውስጥ በቀለ።
ከፊቱም ጅራት አለው፣ ከኋላውም ጅራት፤
"በየት በኩል ይሄዳል?" ብለው ተወራረዱበት።

አንገቱ ላይ ደግሞ ሻሽ የጠመጠመ
ከሲታ ሰውዬ፣ በብርድ የታመመ፣
በማናውቀው ቋንቋ ጆሮው ሥር ያወራል፣
አንዴ በብረት መንጠቆ፣ አንዴ በእጁ ይነካዋል።
እሱም ከነዝሆኑ በባሕር የተጫነ፤
ማን ማንን እንደነዳ፣ የቱ ባሪያ እንደሆነ
ጦይባ አልገባትም።

ነዶ ገብስ ይዛ ነው፣ ለጠገራ ብሩ።
ረጅሙ አፍንጫ መጣ በአየሩ፣
ገብሱን ትቶ አለፈ፣ ከእጇ ላይ ደረሰ፣
ከባቲ የመጣውን የጥርስ አምባር ዳሰሰ።
አሸተተ። ቆመ።
ደግሞ አሸተተ፣ እንደ ዓይነ ስውር ጣት
ዙሪያውን እያሰሰ፣ የሚያውቀውን ፊት።
መድፉ ቆሞ፣ በቅሎው ቆሞ፣
ሠራዊቱ ሁሉ ከኋላ ተገትሮ።

ያንን አምባር ማን ገደለው? እሷ ምን ታውቃለች?
ሙሽራ ናት፣ ሲያጠልቁላት እጇን ዘረጋች።
አንዱ ቆላ ወርዶ፣ ዝሆን በጦር ጥሎ፣
ጆሮው ላይ ወርቅ አስሮ፣ "ገዳይ!" ተብሎ፣
ጥርሱን ነጋዴ ገዝቶ፣ ጠራቢ ጠርቦት ነው
ዘመድ እንደ ለቅሶ ደራሽ እዚህ ያገኘው።

እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች፣ በኀፍረት።
አምባሩን ዳግም አላጠለቀች እስከ ዕለተ ሞት።
(እኛ ግን በሰባ ሰባት፣ ወልድያ አውጥተን፣
ለአንድ ጣሳ ማሽላ ሸጥነው፤ በላን።)

ሸህ ቡሽራ ሲያወጉን፣ ሌላ ዝሆን ነበር፣
ካዕባን ሊያፈርሱበት የነዱት ከጦር፣
ደጁ ላይ ሲደርስ ተንበርክኮ ቀረ፤
ቢወጉት፣ ቢመቱት፣ እንደ ድንጋይ አደረ።
የኛው ግን ጎትተውት፣ እያየ፣ ሄደ፣
መድፉን ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወረደ።
ከተራራው ጢስ ወጣ። ኋላ ሲመለስ
ጭነቱ ተለውጧል፤ ብራና ነው፣ ነሐስ።

አልፈርድበትም እኔ።
ተጫኝ ምን ያውቃል፣ ጫኙ ነው የሚያውቀው፤
እኔም ስንት ዘመን፣ የማን እንደሆነ ሳላውቀው
ተሸክሜ ኖርሁ።

ጦይባ ስታወራው፣ ይህን ትጨምራለች፤
ግዝፈቱን ትታ እግሩን ታነሣለች፤
ሰንሰለት የበላው፣ ተልጦ ያበጠ፣
እንደኛው በባዶው አፈር የረገጠ።

ነርሷ አጥባ ጨረሰች፣ ፋሻውን ጠቀለለች፤
"ያምሻል?" አለች።
"ማንኛችንን?" አልኳት።
ሣቀች፣ ቀልድ መስሏት።

ስወጣ ጫማ ሰጡኝ፣ የወንድ፣ አርባ አራት።
ግራ እግሬ ሰተት ብሎ ገባበት።
ዝሆኔ ግን ከደጃፉ ደርሶ እንቢ አለበት።