ነጩን ምን ላድርገው?

ዓርብ ዓርብ፣ ከቡርጎኝ ቦይ ላይ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣
ሰባት እንቁላል ይዤ፣ ብስክሌቴን ከአጥሩ ሳስደግፍ፣
አንሴልም ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤
ሰባት! በደርዘን ለምሸጥ ሰው ቁጥሩ ይቆረቁረኛል።

አርባ ዓመት የቦዩን በር ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ፣
ጀልባ ሽቅብ አንሥቶ፣ ጀልባ ቁልቁል ሲሰድ ያደረ፣
ድስት ግን በየት በኩል እንደሚጣድ ያልተማረ።

«ፔርኔት» አለኝ ያን መከር፣ «ሌላው ሁሉ አልወርድ ቢላት፣
አንድ አስኳል በየማለዳው፣ በስኳርና በወይን መትቼ ልስጣት።
አስኳሉስ ይሁን፤ ለእሷ ነው።
ነጩን ምን ላድርገው?»
እኔ ምን ዐውቃለሁ? እንቁላል ሻጭ ነኝ።

ነጩ በማርማላታ ብርጭቆ ተጠራቀመ፤
ሰኞ ሦስት፣ ማክሰኞ አራት፣ ሐሙስ አፉ ጋ ደርሶ ቆመ።
መድፋት ነውር ነው። በጦርነት ዘመን ያደገ ሰው
እንኳን ነጩ፣ ቅርፊቱ ሲጣል ልቡን ያመዋል፣ ይከብደው።

ከአልጋዋ ሆና ፔርኔት፣ ድምጿ እንደ ክር የቀጠነ፦
«ቅቤውን አቅልጠው። ይጮሃል። አትቸኩል፣ ጠብቅ፤
ጩኸቱ ሲያበቃ፣ ሽታው ሲለወጥ፣ ያኔ አውርደው፤ አደራ፣ ጠንቅቅ።
ለውዙን ፍጭ፤ ዱቄት ጨምር፣ ስኳር ጨምር፣ ጨው አንድ ቁንጥር፤
ነጩን እንዳትመታው! አረፋ አልወድም፤ በሹካ፣ በዝግታ ዙር።»

ከማዕድ ቤት ይጣራል፦ «ስንት ደቂቃ?»
«ጠርዙ እስኪቀላ።»
«ደቂቃ ንገሪኝ!»
«አንድ ጀልባ እስኪያልፍ!» ሣቋ ሳል ሆነ፣ ጨዋታው አበቃ።

ይኼ ገባው። ውሃው ሞልቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ጀልባው እስኪወጣ፣
እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ምድጃው ፊት ቆመ፣ ሽታው እስኪመጣ።

የፔርኔት የቆርቆሮ ቅርጾችም ለካ ጀልባ ናቸው፣
ጣት የሚያካክሉ፣ ከእናቷ የወረሰቻቸው።
ሃያ ጀልባ፣ ጠርዛቸው የቀላ፣ ሆዳቸው የራሰ፤
እሷ አትበላም። አሽትታ ትመልሳለች፦
«ትንሽ ጨው አነሰ።»

ለፖስተኛው ፉልቤር፣ ለባለ ጀልባዎቹ ልጆች፣ ለእኔም ሁለት በወረቀት፤
መንደሩ ዓርብ ዓርብ አፍንጫው እየመራው ይመጣል፣ ሳይጠሩት።
የአሮን በትር ደርቃ ሳለ ለውዝ አፈራች ይላል መጽሐፉ፤
እኔስ አየሁ፣ ለውዝ ሲያብብ፣ መዘውር ባደረቀው መዳፉ።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል።
የእሷም ቀስ በቀስ ነበር፦
ከሙሉ አስኳል ወደ ግማሽ፣
ከግማሽ ወደ ማንኪያ፣
ከማንኪያ ወደ ከንፈር ማራሻ፤
መጋቢት ሲገባ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሄዷል።

በቀብሯ ሳምንት፣ ዓይኔን ሰብሬ፣ ሳልቆም በአጥሩ አለፍኩ፤
«ሰባቱስ?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ፤ ደነገጥኩ።
«ዛሬ ዓርብ አይደል? ልጆቹ ይመጣሉ፣ ፉልቤር ይመጣል፤
ለውዙም ተፈጭቷል።»

ቆጠርኩለት። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ የእኔ ነው የተንቀጠቀጠ።
ማታ ግን በሬ ተንኳኳ። ቆሟል፣ በጨለማው ውስጥ እንደ ቆጥ የገጠጠ፤
የሾርባ ሳህን ይዟል፣ በላዩ ሌላ ሳህን ደፍቶበት፤
ሰባት አስኳል፣ እንዳይደርቅ ጥቂት ውሃ አፍስሶበት።
(ይህንንስ ማን ነገረው?)

«አስኳሉን ምን ላድርገው?»

እኔ ምን ዐውቃለሁ? እንቁላል ሻጭ ነኝ።
ተቀበልኩት።
እውነቱን ልናገር፦ ውሻዬ ነው የሚበላው፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር፤
ፀጉሩ ዘንድሮ እንዲህ ያበራል፣ መንገደኛ ቆሞ ይመሰክር።
አንድ ማለዳ ብቻ፣ በስኳርና በወይን መትቼ፣
ቁሜ ቀመስኩት፣ ስኒውን በሁለት እጄ ይዤ፣ መጋረጃውን ዘግቼ።
ወፍራም ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይዘገያል፤
ለመኖር የፈለገ ሰው እንደሚጠጣው ያስታውቃል።

የእሱን ጀልባዎች በወረቀት እስከ ዛሬ እቀበላለሁ፤
መንገድ ላይ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ አንዱን እገምጣለሁ።
ጠርዙ ልክ ነው። ሆዱ ርሷል። ቅቤውም ጩኸቱን ጨርሷል።
ጨው ግን በዝቷል፤
በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፣ ሊያስደስታት።
አልነገርኩትም።
ሁለተኛውንም በላሁት።