በእርሳስ የተሰመረ

ደጃፉ ላይ ያለው ድንጋይ የወይራ መጭመቂያ ነበረ፤
ዘይቱ ከነጠፈ ዘመን የለውም፣ ሽታው ግን ግድግዳው ላይ ቀረ።
ካፍር ሉዝ ይሉታል መንደሩን፣ ገሊላ፣ ከአውቶቡሱ መጨረሻ፤
አንድ መስጊድ፣ ሁለት ደወል፣ አንድ የጎማ ማደሻ፤
እና እነዚህ ባፕቲስቶች፣
ደወል የሌላቸው ዘጠኝ ሰዎች።

እኔ ዘርፌሽ ነኝ፤ እዚህ ዘሪፋ ሆኛለሁ።
ሲት ናዚሃን አጥባለሁ፣ ኪኒኗን እቆጥራለሁ፤
ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናቸውን እጠርጋለሁ።
እናቴ ብትሰማ «ጴንጤ ሆነች» ብላ እህል አትቀምስም፤
እኔ ግን እጠርጋለሁ እንጂ አልዘምርም።
በሰማንያ ቀኔ፣ በካህን እጅ፣ ሦስቴ ተነክሬ ወጥቻለሁ።

«ያኔ አለቀስሽ?» ትለኛለች ሲት ናዚሃ።
«አላስታውስም» ስላት ትስቃለች፦
«እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ አጥንቴ ውስጥ አለ የዚያ ጉድጓድ ውሃ!»

ታሪኩን ከእርሷ ሰማሁ፣ የቀረውን ከመዝገቡ፤
መዝገቡ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ ምስጥና አይጥ እንዳይቀርቡ።
እኔ ቅጠሉን እገልጣለሁ፣ እርሷ በአጉሊ መነጽር ታነባለች።

የመጀመሪያው ገጽ፦ ሠላሳ ስድስት፣ በእነሱ አቆጣጠር፤
በእኛ ሃያ ስምንት፣ እኛም ጋ ዘመኑ የጦር።
አባቷ ወዲዕ ኹሪ፣ የቄስ የልጅ ልጅ (ኹሪ ማለት ቄስ ነው)፣
ከሃይፋ ወደብ የተመለሰው በደመወዝ ፈንታ መጽሐፍ ይዞ ነው።
ቤት አላስገቡትም። መጭመቂያውን ከአጎቱ ተከራየ፣
በዓመት ሁለት ጣሳ ዘይት፤ በሩን ዘግቶ ጸለየ።
መጀመሪያ ያጠመቀው የገዛ ሚስቱን ነበር፣
በመልሒም ጉድጓድ፣ በየካቲት፣ ወገቧ በገመድ ታስሮ፣ እዚያው እንዳትቀር።
መንደሩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳቀ።
የመልሒም በቅሎ ሦስት ቀን ያን ውሃ አልጠጣም አለች፤
መልሒም ካሣ ጠየቀ።

ከዚያ ዐሥራ አንድ ስም፣ ከዚያ ሃያ ሦስት፤
ድንጋይ ጠራቢው፣ አዋላጇ፣ ዐይነ ስውሩ የወንፊት ነጋዴ።
በመርከብ የመጣ አርሞኒየም ለሁለት ከፈላቸው፤
ግማሾቹ «ይህ የዳንስ ቤት ነው» ብለው ሰባት ወር በረንዳ ላይ አመለኩ፣
ክረምቱ ነው መልሶ ያስገባቸው።

ከዚያ አርባ ስምንት።

እዚህ ገጽ ላይ ሲት ናዚሃ ውሃ ትጠይቃለች።
ሠላሳ አንድ ስም አለ፤ በዐሥራ ዘጠኙ ላይ መስመር ተሰምሯል።
«ሞተው ነው?»
«አይደለም። ሊባኖስ።
በሌሊት ሄዱ። የአዋላጇ ፍየል እኛ ደጅ ስትጮኽ ነጋ።»
«ታዲያ ካልሞቱ ለምን ተሰረዙ?»
ጣቷን በምራቋ አርሳ ገጹን ነካች።
«ስሙ በቀለም ነው» አለች፤ «መስመሩ በእርሳስ።
አባቴ፣ ሲመለሱ ለማጥፋት እንዳይቸግር ብሎ ነው።»

ሌላው ታሪክ አጭር ነው፦ በስድሳ አንድ ሲሚንቶ መጣ፤
ከመድረኩ ሥር ገንዳ ተሠራ፣ ሰው ከጉድጓድ ወጣ።
የጠራቢው ልጅ ካናዳ፣ የወንፊት ነጋዴው ልጆች ናዝሬት፤
የመጨረሻው ስም የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት።

ባለፈው ቅዳሜ የመድረኩን መሳቢያ ስጠርግ ላጲስ አገኘሁ፤
በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንድ ማዕዘኑ እንኳ ያልተነካ።
በራሴ ደብዳቤ ላይ፣ በእርሳስ አስምሬ፣ ሞከርኩት፤
ደንድኗል፣ ወረቀቱን ቀደደው ለካ።
መልሼ ጠቀለልኩት። ለሲት ናዚሃ አልነገርኳትም።

«ገንዳውን ሞላሽው?» ትጮኻለች ከቤት።
ሲሚንቶ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይሞላል፣ ይፈሳል፤
የውሃው ሒሳብ ሲመጣ ዘጠኙም ይጣላሉ፣ ከዚያ ይከፍላሉ።
ቧንቧውን ከፈትኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል።
ጫማዬን አውልቄ ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ፣
ውሃው ቁርጭምጭሚቴ እስኪደርስ ጠበቅኩ።