የሐረጎ ቋጠሮ

ቅዳሜ ከሰዓት ሽርጤን ፈትቼ፣
ከኮምቦልቻ ሙቀት ሽቅብ ወጥቼ፣
ጭኔ ላይ ሦስት ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣
ቦርሳዬም ሶዳና እርሾ ያለበት፤
ሐረጎ ሲጠማዘዝ፣ አብሬ ስጠማዘዝ፣
አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ሰው ጓዝ፣
ረዳቱ “ጠጋ በሉ!” ሲለን ስንጠጋጋ፣
ጉሙ ተቀበለን ደሴን ስንጠጋ።

ቤታችን ቧንቧ ውሃ፤ መስኮቱ አጠገብ
አባቴ ተጋድሟል፣ ታርጋ ሲያነብ።
ከሁለት ክረምት ወዲህ ግራ ጎኑ ሰንፏል፣
ቃል ይጀምርና መሐሉ ላይ ያርፋል።
ድሮ ረዳት ነበር፣ የአሰብ መንገድ ልጅ፣
ሸራ የሚወጥር ብረት በሚያህል እጅ፤
“ይመር የቋጠረው” ይሉ ነበር ሁሌ፣
“ባቲ ላይ አይላላም፣ አይፈታም ሚሌ።”

እርሾውን ለብ ባለ ውሃ ላይ በተንኩት፣
ቆንጠር ያለች ስኳር ሰጥቼ ጠበቅኩት፤
አረፋ ሲደፍቅ ዱቄት ጨመርኩበት፣
አሸሁት፣ ደለቅኩት፣ ደግሞ አሸሁት፣
እስኪለሰልስ ድረስ እንደ ጆሮ ጫፍ።
የደሴ ብርድ መቼም ሊጥ አያስነሣም፤
አባቴ ጎን አኖርኩት፣ አንድ ጋቢ ለሁለት።
ከአንድ ሰዓት በኋላ
አንዱ አበጠ፣
አንዱ አንቀላፋ።

ከዚያ ገመድ አወጣሁ፤ ወገቡ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን።
ሼፍ አንዋር ሆቴል ቤት እንዳሳየኝ
(ፕሬዝል ይለዋል፣ ምላሱን እያሳሰረ)
እንደ ፈረስ ኮቴ አጠፍኩት፣
ጫፍና ጫፉን አነባብሬ
አንዴ ጠመዘዝኩ፣ ሁለቴ ጠመዘዝኩ፣
ወደ ሆዱ መለስኩት።
ተፈታ።
ሁለተኛውም ተፈታ።
ሦስተኛው ጣውላው ላይ ተዘረጋ፣
ፀሐይ እንደሚሞቅ እባብ።

አባቴ ነቅቶ ኖሯል።
“አይ…” አለ፤ ቃሉ መሐሉ ላይ አረፈ።
ቀኝ እጁ ግን አላረፈም፣
ከጋቢው ወጥቶ ጣውላውን ቆረቆረ።
አምጪ ማለቱ ነው።

የሰነፈ ግራ ክንዱን በቀኙ አንስቶ
የሊጡ ጫፍ ላይ አስቀመጠው፣
ጎማ እንደሚያስደግፍ ድንጋይ።
ሌላውን ጫፍ ሳበ፣ አዞረ፣ ከሥር አሾለከ፣
እንዴት እንደሆነ አላየሁም፤
ብቻ ጠበቀ።
“አባዬ፣ ይሄ እኮ የሸራ ቋጠሮ ነው፣
የሚበላ ነው የምንሠራው!”
በግማሽ ፊቱ ሣቀ።

ውሃው በሶዳ ሲንተከተክ አንድ በአንድ ነከርኳቸው፤
የኔዎቹ እዚያው አፋቸውን ከፈቱ፣
የሱ ሰመጠ፣ ተንሳፈፈ፣
እንደታሠረ ወጣ።

ላዩ ላይ ሻካራ ጨው፣ ከሰኞ ገበያ፣
ሳይፈጭ በዘነዘና የከሰከስኩት።
አንዲት ጠጠር ለአባቴ ምላሱ ላይ አኖርኩ።
ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣ ቆየ፣
“ዶቢ” አለ።
ሙሉ ቃል። የጨው አገር ስም።
ከዚያ በኋላ ምንም አላለም፣
እኔም ደግመህ በል አላልኩትም።

መብራት ሳይሄድብኝ ምድጃው ቀደመ፣
ቅርፊቱ ቡናማ፣ ውስጡ ነጭ ከረመ።
የጎረቤት ልጅ ኑሪያ ሽታው ጠራትና
“ምንድን ነው እቴቴ?” አለች በር ቆማ።
“ሐረጎ ነው” አልኳት፤ ቆረሰች አንድ ኩርባ፣
ጨዉን እየላሰች ወደ ቤት ልትገባ።

ነገ ወደ ሥራ ቁልቁል ስመለስ
የሱን በነጠላ ጠቅልዬ በቀስ፣
“ተሳስተሻል” ይላል ሼፍ አንዋር ገና ሲያይ፣
ይበል፤ እኔ እንደሆን ጭኔ ላይ፣ ከኩርባው ላይ፣
በየመዞሪያው እነካዋለሁ ዝም ብዬ፦
አልላላም፣ አባዬ።