አባሪ ሦስት

ውሉ ሰማንያ ገጽ ነው፣ ከነማኅተሙ፤
በዕብራይስጥ አነበብሁት፣ በአማርኛ ነው ሕመሙ።

ኩባንያው በራሱ ገንዘብ መብራቱን ይቀይራል፤
ከተማው ሳንቲም አያወጣ፣ ከተረፈው ያካፍላል፤
አሥራ ሁለት ዓመት፣ ከመቶ ሰባ ለእነሱ፣ ሠላሳ ለእኛ።
ብልህ ነገር ነው፤ ወድጄው ነበር እኔም፣ የመብራት ሠራተኛ።

ግን ለመካፈል መቁጠር፣ ለመቁጠር መዞር ያስፈልጋል፤
"ስንት ይበላ ነበር?" ይላል ውሉ፤ ያ ካልታወቀ ምን ተረፈ ይባላል?
ስለዚህ ኅዳርን ሙሉ፣ መሰላል ከመኪና አናት አስሬ፣
ቅርያት ጋትን በሌሊት ዞርኋት፣ ምሰሶዋን ቆጥሬ ቆጥሬ።

በባቡር ጣቢያው ሁለት መቶ ሃምሳ ዋት፣ ቢጫ፣ የሚያጉረመርም እንደ ንብ፤
በፓርኩ ቀትር ላይ የሚነድ፣ ማንም አይቶት የማያስብ።
"ጻፍ" ይላል መሐንዲሱ ኢታማር፣ "አባካኝ ሰፈር ነው ሀብቱ፤
ብዙ የበላ ብዙ ያተርፋል፣ ይኸው ነው የውል ብልሃቱ።"

ከዚያ እኛ ሰፈር ደረስን።

ሪሞን መንገድ። አሥራ ዘጠኝ ምሰሶ። አንድም የሚበራ የለ።
ገመዱ ከተቃጠለ ስድስት ዓመቱ፤ ማመልከቻው መዝገብ ቤት እንዳለ።
ኢታማር ስክሪኑን ከፈተ፤ ፊቱ ብቻ በመንገዱ በራ፤
"ዜሮ ኪሎዋት" አለ፤ "ይቺማ ለውላችን ኪሳራ።
ብናበራቸው ፍጆታ ይጨምራል እንጂ መቼ ይቀንሳል?
ከአባሪ ሦስት ይውጡ፤ ኩባንያው፣ ካልነደደ ምን ያተርፋል?"

ክፉ ሰው አይደለም ኢታማር። ሒሳቡም ልክ ነው፣ አውቃለሁ።
ልክ የሆነ ሒሳብ ሲያጨልም ግን የት ሄጄ እከሳለሁ?

በዚያች ሰዓት ወይዘሮ እንጓዳይ ከሥራ ስትመለስ፣
የስልኳን መብራት ይዛ፣ እግሯን እያየች ቀስ በቀስ፤
እሷ ናት፣ ውሉ የተፈረመበትን ጠረጴዛ ወልውላ፣
የማዘጋጃ ቤቱን መብራት አጥፍታ የምትወጣ ከሁሉ ኋላ።
"ምን ትቆጥራላችሁ በጨለማ?" አለች። "መብራት" አልኋት።
"እዚህስ ቶሎ ትጨርሳላችሁ" ብላ ሳቀች፤ ከነሳቋ አጣኋት።

በማግስቱ ሰንጠረዡን ሞላሁ። አሥራ ዘጠኙን አላወጣሁም፤
"ይነዳሉ" ብዬም አልዋሸሁም።
ማስታወሻ የምትባል ዓምድ አለች፣ ከጣት የማትሰፋ፤
በኮልታፋ ዕብራይስጤ ጻፍሁባት፣ ፊደሌ እየተገፋ፦

"ሪሞን መንገድ ስድስት ዓመት ቆጥቧል፣ ከከተማው ሁሉ ቀድሞ፣
ያለ ጨረታ፣ ያለ ፊርማ፣ በጨለማ ቆሞ።
የቁጠባው ድርሻችን ከሆነ ከመቶ ሠላሳ፣
እንግዲያው ሒሳባችን ይታሰብ፤ ውዝፉም እንዳይረሳ።"

ኢታማር አነበበው። ሁለቴ። አላጠፋውም።
ግን ደግሞ አልፈረመም።
ፋይሉ ሕግ ክፍል ነው ይላሉ፤
እኔም መሰላሌን ከመኪናው አናት አላወረድሁም።