ቅያሪ

ሙሐረቅ ላይ ሌሊት ነው፤ አምስት ሰዓት አልፏል፤
አዳራሹ ባዶ ነው፣ ግማሽ መብራት ጠፍቷል።
ሱኒል ከመልበሻ ቤት ጋሪ እየገፋ መጣ፣
"የዛሬው ባሕር ነው" አለኝ፣ ውሃ ከጨርቁ ሲወጣ።
ውጤት አልጠይቀውም።
ማልያ ይነግረኛል፤ ማልያ አይዋሽም።

አራት ቁጥር ሲጨመቅ ባልዲ ይሞላል ትርፉ፤
ዘጠኝ ቁጥር ደም ነክቶታል፣ ተተርትሯል ጥልፉ፤
ሰባት፣ ያ የካሮላይናው፣ ያ ቁመተ ሎጋ፣
ጀርባው ላይ ጨው ይጋገራል፣ እንደ አፋር በጋ።
የዋንጫ ቡድን ነው ይላሉ።
እውነታቸውን ነው፤ ይሸታል።

ከጋሪው ሥር ግን ሁሌም፣ ከሁሉ በታች፣
እንዳጠፍኳት የምትመለስ አንዲት ማልያ አለች።
አሥራ አራት ቁጥር፤ የመሽዓል።
ዑድ ዑድ ትላለች እንጂ ላብ ላብ አትልም፤
የካውያዬ መስመር እንኳ ከላይዋ አልጠፋም።
ደንብ ስለሆነ ግን እሷንም እነክራለሁ።
"ታጥቦ ጭቃ" ሲባል አገሬ ሰምቻለሁ፤
ሳይቆሽሹ መታጠብን እዚህ ነው ያየሁ።

ቅያሪ ማለት በኛ፣
ሳጥን ውስጥ የተኛ፣
ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ላልታወቀ ቀን የተቀመጠ ልብስ ነው፤
ባለቤቱ ሲሳሳለት ብል ቀድሞ የሚለብሰው።
እዚህ ደግሞ ቅያሪ ይሉታል ሰውን።
እኔም ራሴ፣ ዘምዘም የምትባል ልጅ ውሏን ጥላ ብትወጣ፣
በሷ ፋንታ የገባሁ ነኝ፤ አዲስ ባጅ ግን አልመጣ፤
ይኸው ሁለት ዓመቴ፣ "ዘምዘም" ተብዬ ሻይ ስጠጣ።

ማክሰኞ፣ ግማሽ ፍጻሜ።
ፎጣ ታቅፌ ከመውጫው አፍ ቆሜ፣
አምበሉ አምስተኛ ጥፋቱን ሲሠራ አየሁ።
አሠልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞረ። ረጅም ወንበር።
ዓይኑ ጉልበቱ ላይ በረዶ ያሰረውን ሰባትን ዘለለ፣
የአሥራ ሰባት ዓመቱን ልጅ ዘለለ፤ ጥጉ ጋ ሲደርስ
ሌላ ሰው አልነበር።

መሽዓል ተነሣ። የቱታው ዚፕ ያዘው፤
ሦስት ጊዜ ታገለው፣ በአራተኛው ቀደደው።
ገባ።
የመጀመሪያው ኳሱ ብረቱን መትቶ ተመለሰ፤
ሁለተኛው ብረቱንም አላገኘ፣ አየር ዳበሰ፤
ለጓደኛው ያቀበለው ፎቶ አንሺው ጭን ላይ ፈሰሰ።
ሦስት ሺህ ሰው ባንድ ሳንባ "ያ አላህ!" ብሎ ተነፈሰ።
አልገባም ኳሱ።
ጨዋታው ለኔ አይገባኝም፣ ሕጉም ቁጥሩም ጭምር፤
አለመግባት ግን ይገባኛል፤
እሱን የሚያስረዳኝ ሰው አልፈልግም።
አራት ደቂቃ። የአሥራ አንድ ነጥብ ብልጫ ወደ ሁለት ወረደ፤
አሠልጣኙ በጣቱ ጠራው፤ ሄዶ እዚያው ጥጉ ላይ ተጣደ።
ሰባት በረዶውን ፈትቶ እያነከሰ ገባ።

አሸነፍን፣ ባንድ እግር። ከበሮ፣ ጡሩምባ፤
ጭፈራው በኮሪደሩ እንደ ጎርፍ ሲያገሳ፣
እሱ ልብስ ማጠቢያው በር ላይ፣ ኦሞ ካርቶን ላይ ተቀምጧል፤
ሁለት ሜትር ሙሉ ሰው እንደ ፎጣ ተጣጥፏል።
ሁሌ በጋሪ የምትመጣዋን ማልያ
ዛሬ በእጁ ሰጠኝ፤ ዓይኑ መሬት መሬት።
"ይቅርታ" አለኝ በዓረብኛ፤
"ይቅርታ፣ እርጥብ ናት።"

ተቀበልኳት። ከበደችኝ።
የአርባ ደቂቃ ላብ ስንቴ አንሥቻለሁ፤
እንዲህ ያለ የአራት ደቂቃ ገና ዛሬ አየሁ።

ዓርብ ፍጻሜው ነው። ማሽኑ ይዞራል፤
ሱኒል "ዋንጫው የኛ ነው" ይላል፣ በልጆቹ ይምላል።
ማልያዎቹን አጥፌ፣ ደርድሬ ስጨርስ ሌሊት፣
አሥራ አራትን፣ እንጃ ለምን እንደሆን፣
ከላይ አደረግኳት።