ግድግዳው ላይ የቆሙ እግሮች

ሻርጃ፣ የኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ከላውንደሪው ጓሮ፣
እንፋሎቱ ነቅቷል ከአዛኑ ጋር አብሮ።
ሰባ ነጭ ከንዱራ መስቀያው ላይ ቆሞ፣
እጅጌውን ጥሎ ይጠብቀኛል ቀድሞ።

አንዲት ወንበር አለች መስታወቱ ሥር፣
ለደንበኛ የተገዛች፣ በኔ የማትደፈር።
ጠዋት ማታ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላታለሁ፤
ከአካሌ እጄን ብቻ አስቀምጬባታለሁ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጫማዬ ይጠባል፤
ማሰሪያውን ሳላላው እግሬ ይከተላል።
ጠጋ ያሉለት ሰው ታክሲ ውስጥ እንዲህ ነው፣
አንድ ስንዝር ሲያገኝ ወንበሩ የራሱ ነው።
ቁጥሬ ሠላሳ ሰባት ነበረ ስመጣ፤
አርባ ደፈነ እግሬ፣ ዕድሜዬን ቀድሞ ወጣ።
እኔ ገና ሃያ ስድስት ነኝ።

ማታ ካልሲ ሳወልቅ ክሩ አብሮ አይወልቅም፤
ሥጋዬን ቀልብሶታል፣ ብዳብሰው አይለቅም።
ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በአውራ ጣቴ ስጫን
ጉድጓድ ይቀራል፤
ዝናብ ያረሰረሰው መንገድ ላይ ኮቴ እንደሚቀር።
እስኪሞላ እቆጥራለሁ።
ትናንት አስራ አንድ ላይ ሞላ።
ዛሬ አስራ ዘጠኝ ደረስኩ፣ እንቅልፍ ቀደመኝ።

ባለፈው ወር ፎቶ ላክሁ፣ ከባሕሩ ዳር ተነስቼ፣
ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ቀሚሴን ከፍ አርጌ፣ ስቄ።
"ሰፈሩ አየው" አለች እናቴ፣ "ስልኩን ሲቀባበሉ፣
'እግሯ ሞላ፣ አማረባት፣ ተመቻት' እያሉ።
አልሐምዱሊላህ!"
"ውሃ ነው፣ እማ" አልኳት፣ ድምፄ ቀጥኖብኝ።
"ከጀርባሽ ያለው? ወይ ስፋቱ!" አለችኝ።
"አዎ" አልኳት። "እሱ ነው።"

ስምንት ሆነን እናድራለን፣ በደራርብ አልጋ፤
መብራት ሲጠፋ ወሬው እግር ነው፣ እስኪነጋ።
ዘሐራ ከሐርቡ፣ ትብለፅ ከአዲግራት፣
ማሪቴስ ከሴቡ፣ የቆመችው መድኃኒት ቤት በራፍ፣ ዘብ ሆና ሌት።
ወገባችን ፍራሽ ላይ፣ ተረከዛችን ግድግዳ፤
ቀን የወረደው ሁሉ ይመለስ ብለን ወደ ጓዳ።
"ደምም እንደኛው ነው" ትላለች ትብለፅ በጨለማ፣
"መሄጃውን ይቆርጡለታል፤
መመለሻውን ግን ራሱ ይወቅበት።"
ማንም አይስቅም። ከዚያ ሁላችንም እንስቃለን።

ግድግዳው ነጭ ነበረ። ዛሬ ከፍራሹ አፋፍ
እስከ ኮርኒሱ ድረስ ተረከዝ ነው፣ በሰልፍ፣
ሰው ከአልጋው ተነስቶ
በጣሪያው ሾልኮ የሄደ ይመስል።
በመስኮቱ በኩል ያሉት ሁለቱ የሙሉሸዋ ናቸው።
አንድ እግሯ ብቻ ቀልቶ፣ እንደ ካውያ ግሎ፣
ሐኪሙ "ደሙ ረግቷል" ብሎ፣
በተሽከርካሪ ወንበር ነው አውሮፕላን የገባችው።
ስንት ዓመት የለመነችውን መቀመጫ
ኤርፖርት ላይ አገኘች።
አሁን ኮምቦልቻ ሱቅ ከፍታለች፤
"ተቀምጬ እሸጣለሁ" ትላለች በድምፅ መልእክት፣
"ተቀምጬ" የምትለው ላይ ድምፅዋን ጎተት አርጋ።

ዓርብ ዕለት ሙዲሩ መጣ፣ አየና ጮኸ፦
"ማነው በግድግዳ ላይ የሄደው?"
ከየደሞዛችን ሃምሳ ሃምሳ ድርሃም ቆረጠ።
ቀለም ቀቢው ሸፊቅ፣ የቺታጎንግ ሰው፣
መሰላሉን በጎን በጎን ነው የሚወርደው።
ሱሪው ከፍ ሲል አየሁት፣ ካልሲው የቆረጠውን፤
እሱም የማየውን አየ፤ ቀና አለና ተወው።
ሁሉን አለበሰ ሲመሽ፤
በመስኮቱ በኩል ግን ሁለቱን ዘሎ ሄደ።
ረስቶ ይሁን፣ ቀለሙ አልቆበት ይሁን፣ እንጃ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ሌቱ መጣ።
"አትስቀሉ፣ እርጥብ ነው" አለች ዘሐራ፤
እሷው ቀድማ ሰቀለች።

ጠዋት ካልሲዬን ስስብ ተረከዜ ነጭ ነው።
ሰባ ነጭ ከንዱራ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።