አግዳሚው

ሐረጎን ስንወጣ ጆሮዬ ሲደፈን፣
ስልኬ ጮኸ ድንገት፤ «ከመምህራን ኮሌጅ ነን፤
በረኛ ማሠልጠን ትችላለህ?» አሉኝ።
እኔ የሰማሁት «በረኛ ነህ?» ሲሉኝ።
«ነኝ» ብዬ መለስኩኝ። ወያላው ዞር አለ።
ጉልበቴ ብቻውን «አይደለህም» አለ።

ሰባት ዓመት ቆምኩኝ ለጨርቃ ጨርቅ ክለብ፣
ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ ሲሞረሙረኝ ረሃብ።
ሥራዬ ቀን ፈትል፣ ማታ ደግሞ ዝላይ፣
ጥጥ እንደ በረዶ ተጣብቆ ጠጉሬ ላይ።
የኮምቦልቻ ሕዝብ ካጥር ላይ «ይመር!» ሲል «ይመር!»፣
ከእኔ ሌላ በረኛ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ነበረ ግን።
ሸጋው የሚባል፣ የቧንቧ ውሃ ልጅ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ የጠና የኔን ደጅ።
ጓንቱ አፈር ሳይነካ ቦርሳው ውስጥ አረጀ፤
ማልያውን ላብ ሳይሆን ሳሙና ፈጀ።
ውሃ ያቀብለኛል፤ ጠጥቼ እመልሳለሁ፤
አመሰግናለሁ ማለት — እኔ እንጃ፤ ረስቻለሁ።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ፤ ሆጤ ሜዳ፤ ደሴ፤
ጉሙ ከጦሳ ላይ ወርዶ እስከ ራሴ።
ኳሷን አላየኋት፤ ድምጿን ብቻ ሰማሁ፣
ወደ ድምጿ ዘለልኩ፤ ብረቱን አገኘሁ።
ጉልበቴ «ቋ!» አለ እንደ ደረቅ ጭራሮ፤
አሠልጣኙ ጮኸ ወደ አግዳሚው ዞሮ፦
«ሸጋው፣ ተነሥ!»
እሱ ግን
ጓንቱን ሳያጠልቅ ሮጦ ደረሰልኝ፤
የጫማዬን ክር ፈትቶ ከኮዳው አጠጣኝ።

አንድ ዓመት ተኩል ቆመ፤ ከዚያ ክለቡ ፈረሰ፤
«በጀት የለም» ተባለ፤ መረቡም ተበጠሰ።
እኔም ሲሚንቶ ጫንኩ፤ ባጃጅ ነዳሁ፤
ሱቅ ከፈትኩ፤ ዘጋሁ፤
ኳስ ሲተላለፍ ግን ካፌ ቤት አልገባሁ።

አሁን ግን ይኸውና ኮሌጁ ግቢ ነኝ፤
ማኅተም ያለው ወረቀት፣ አንድ ፊሽካ ሰጡኝ።
«ሁለተኛ ረዳት»፤ ደመወዙም እንደ ስሙ፤
ተረከብኩ ኳሶቹን ከነፓምፑ፣ ከነጉሙ።
«ረዳት ሆንኩ» ስላት ከድጃ ቀና አለችና፣
«ደግ ነው» አለችኝ፤ «የየትኛው መኪና?»

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤
ጉልበቴ ከሬዲዮ ቀድሞ ዝናብ ይናገራል።
ዋናውን አሠልጣኝ ከሜዳው ዳር አየሁት፣
ጀርባውን ሰጥቶኛል፤ ካቋቋሙ አወቅሁት።
ሸጋው ነው። ራሱ ነው። ሆዱ ትንሽ ገፍቶ፣
ደብተር ይዞ ቆሟል፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ።
«መጣህ?» አለኝ ብቻ፣ እንደ ትናንትና፣
ስም ዝርዝር ሰጠኝ፤ ኪሱን ፈተሸና።
ስልኬን ማን ሰጣቸው? ስል ነበር የከረምኩ፤
ከዚያች ደቂቃ ወዲያ መጠየቄን ተውኩ።
ለካስ ያኔ እኔ ስዘል እሱ ይጽፍ ነበር፤
እኔ ኳስ ሳይ እሱ ሜዳውን፣ ዳር ከዳር።

ከግቡ ኋላ ቆምኩ። አንድ ቀጭን ተማሪ፣
ከወረኢሉ የመጣ፣ የነገ ሒሳብ አስተማሪ፣
ሙሄ ይሉታል፤ ጓንቱ ሰፊ፤ ዓይኑ ፈሪ።
ኳሷ ስትመጣ፣ እሱ ገና ሲያስብ፣
የኔ እጅ ተነሣ አየር ሊሰበስብ።
ሳቁ። ፊሽካ ነፋሁ። ሁሉም ቀጥ ብሎ አየኝ፤
የምለው አልነበረኝ፤ ጉሙ ገላገለኝ።

ወደ አግዳሚው ሄድኩ፤ ሦስት ሰው የማይችል ጣውላ፤
ልቀመጥ ስል ሸጋው እጄን ያዘኝ ከኋላ፦
«በግራ በኩል ተው፤ ያጋድላል፤ ትወድቃለህ፤
አግዳሚ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ግን አንተ የት ታውቃለህ።»
ጠጋ አለ፤ ቦታ ሰጠኝ፤ ኮዳውን አቀበለኝ፤
«አመሰግናለሁ» አልኩት፤ የሰማኝ አልመሰለኝ፤
ጉሙ ውስጥ ለጠፋው ለሙሄ ይጮኻል፦
«ድምጿን አትከተል! ቁም! ኳሷ ትታይሃል!»